የውሃ ጣውንቶች

አገሩ የት ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ንጉሡ ማን ይባላል፣ ዘመኑስ የማን ነው ብላችሁም አታድክሙኝ። እኔ የማውቀው አንድ ሐይቅ እንደነበረ፣ ሐይቁም ሁለት ዳር እንደነበረው ነው። በፀሐይ መውጫ በኩል ያለው ቀኝ ዳር፣ በመግቢያዋ በኩል ያለው ግራ ዳር ይባላል። መካከሉ ውሃ ነው። ውሃውም አንድ ነው፤ ይህን ልብ በሉልኝ፣ የአገሩ ሰው ልብ አላለውምና።

የሁለቱ ዳር ሰዎች በመልክም፣ በቋንቋም፣ በጸሎትም አንድ ናቸው። የሚለያዩት በቅናት ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በአቅጣጫው እንጂ በመጠኑ አይለያይም። ቀኝ ዳር አንድ ሰው የቤቱን ሣር ካደሰ ግራ ዳር አንድ ሰው እንቅልፍ ያጣል። ግራ ዳር ላም መንታ ከወለደች ቀኝ ዳር ያሉት የራሳቸውን ላም ይገላምጣሉ። ሲመርቁ እንኳ «ምቀኛ አታሳጣን» ብለው ነው የሚመርቁት። ሌላ አገር ይህ የጨዋታ ቃል ነው፤ እዚያ ግን የምር ጸሎት ነበር፣ ኋላም ሕግ ሆነ።

እንዴት ሕግ እንደሆነ ልንገራችሁ። ሐይቁ የመንግሥቱ ሀብት ስለሆነ ቁመቱና ጥራቱ በየወቅቱ እየተለካ ለቤተ መንግሥት ይነገር ነበር። ድሮ እያንዳንዱ ዳር ውሃውን የሚያስለካው በገዛ ራሱ ሰው ነበር። ግራ ዳር ሲለካ ውሃው ወተት ነው፤ ቀኝ ዳር ሲለካ ውሃው ማር ነው። የንጉሡ አያት በዚህ ተማረሩና መኳንንቱን ሰብስበው «እውነቱን የሚነግረኝ ማን ነው?» ቢሉ፣ አንድ ብልህ ነኝ ባይ ተነሥቶ እጅ ነሣ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ዓይንም እንደዚያው ነው» አለ። «የሰውን ጉድለት ከምቀኛ የተሻለ የሚያይ የለም። የቀኝ ዳርን ውሃ የግራ ዳር ሰው ይለካው፤ የግራ ዳርንም የቀኝ ዳር ሰው። ብቻ ለኪው ቅናቱ የተረጋገጠ ይሁን።»

ንጉሡ ደስ አላቸው። ሊቀ ቅናት የሚባል ሹመት ተፈጠረ። ውሃ የሚለኩትም ሰዎች «የውሃ ጣውንት» ተባሉ፤ በአንድ ባል ላይ ያሉ ሁለት ሚስቶች አንዷ የሌላይቱን እንከን እንደማታልፍ፣ እነዚህም አያልፉም ተብሎ ነው።

ሹመቱ ፈተና ነበረው። ተፈታኙ በሊቀ ቅናቱ ፊት ይቆማል። የጎረቤቱ የሰባ በሬ በፊቱ ይነዳል፤ ቀጥሎ የአጎቱ ልጅ መሾሙ ይነገረዋል፤ ቀጥሎ የሚስቱ እኅት አዲስ ቀሚስ ለብሳ ትመጣለች። ሊቀ ቅናቱ ጠጋ ብሎ ፊቱን ይመረምራል። አፍንጫው ከተነፋ ተስፋ አለው፤ ዓይኑ ደም ከለበሰ አለፈ፤ «እግዜር ይጨምርላቸው» ካለ ግን «ይሄ ለምንም አይረባ» ተብሎ ወደ እርሻው ይመለሳል። እንዲህ ሆኖ በዚያ አገር ልበ ቅን ሰው ሁሉ ያለ ሹመት ቀረ።

ሊቀ ቅናት አጥላባቸው በተሾሙበት ዘመን ግን ፈተናው አላስፈለገም። ቢተው የሚባል ታንኳ ቀዛፊ ነበር፤ ከዳር ዳር ሰውና እህል እያመላለሰ የሚኖር፣ አፉ የከበደ ሰው። ይህ ቢተው በሁለቱም ዳር ቤት ነበረው። በግራ ዳር እንጉዳይ፣ በቀኝ ዳር ደግሞ ፈለቀች የምትባል ሚስት ነበረችው። እንጉዳይ ሴት ልጅ ወለደችና «በለጠች» አለቻት። ወሬው ሐይቁን ተሻግሮ ፈለቀች ዘንድ ሲደርስ እሷም እርጉዝ ነበረች፤ ወንድ ወለደችና «ይበልጣል» አለችው። ሊቀ ቅናት አጥላባቸው ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «ፈጣሪ ሲሰጥ እንዲህ ነው!» አሉና ሁለቱንም ሚስቶች በአንድ ቀን የውሃ ጣውንት አድርገው ሾሟቸው።

የልኬቱ ሥርዓት እንዲህ ነበር። የምስክር ወቅት ሲደርስ የውሃ ጣውንቷ ተሻግራ ትመጣለች። የዳሩ ሰዎች ፊታቸውን አይታ እንዳትታለል ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጥተው ይቆማሉ። እሷ የተቆራረጠ ምልክት ያለበትን ረጅም ዘንግ ታስገባለች፤ ነጭ ጨርቅ ነክራ ቀለሙን ታያለች፤ በቅል ቀድታ ትቀምሳለች። ከዚያ ሊቀ ቅናቱ ፊት ቀርባ ያየችውን ትናገራለች። ደንቡም አጭር ነበር፦ ምቀኛ ካመሰገነ ሐቅ ነው፤ ምቀኛ ከነቀፈ ቅናት ነው። ውሃው ሞልቷል የተባለለት ዳር ቦዩን አስፍቶ እርሻውን እንዲያጠጣ ይፈቀድለታል።

ያ ብልህ ነኝ ባይ ያልገባው ነገር እዚህ ላይ ነው። ቅናት የሰውን ጉድለት ያያል ብሎ ነበር። ቅናት የሚያየው የሰውን ሙላት ነው፤ ጉድለቱን ቢያይማ ምን ያስቀናዋል?

እንጉዳይ ቀኝ ዳር ተሻግራ ዘንጓን ስታስገባ፣ ዘንጉ የውሃውን ወለል አልፎ ጭቃው ውስጥ ይሰምጥ ነበር። እሷ ጭቃውንም ውሃ ብላ ትቆጥረዋለች። «አይ የነሱ ጥልቀት!» እያለች የበለጠ ትገፋዋለች። ጨርቁ አረንጓዴ ሆኖ ሲወጣ «እንዴት ያለ ለምለም ውሃ ነው!» ትላለች። ስትቀምሰው ምላሷን ቢመራትም «የእኛማ አልጫ ነው» ብላ በቅናት ታርራለች። ፈለቀችም በበኩሏ ግራ ዳር መጥታ ያንኑ ታያለች፣ ያንኑ ትቀምሳለች፣ ያንኑ ትመሰክራለች። ሁለቱም የሚመሰክሩት ከአንጀታቸው ስለነበር ማንም ሊጠረጥራቸው አልቻለም። በየወቅቱ ሁለቱም ዳር ቦዩን አሰፋ።

ሐይቁ ወረደ። መጀመሪያ ይብራዎቹ፣ የውሃ ወፎቹ፣ ሄዱ። ቀጥሎ እንቁራሪቶቹ ዝም አሉ። ኋላም አምባዛው ዓሣ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ መንሳፈፍ ጀመረ። ሰዉ ውሃው ከደጁ ሲሸሽ በገዛ ዓይኑ እያየ፣ ማዶ ግን ሞልቷል ሲባል ይሰማል። ለራስ ውሃ መመስከር ደግሞ ክልክል ነው፤ የሞከረ አፉን በሐይቁ ውሃ ሞልቶ፣ ሳይውጥና ሳይተፋ፣ ገበያ መሀል ቆሞ ይውላል። ስለዚህ የግራ ዳር ሽማግሌዎች መክረው «ሐይቁ ወደ ማዶ ዘሟል» አሉ። ችካል ተከሉ፣ ገመድ አሰሩ፣ ጎረምሳው ሁሉ «ሆ!» እያለ ሐይቁን ወደ ራሱ ጎተተ። ማዶ ቀኝ ዳርም በዚያው ቀን ገመድ ይዞ ይጎትት ነበር። ማታ ሁለቱም «ትንሽ መጣ» ተባብለው ገቡ።

በዚህ መካከል በለጠች ታመመች። ሆዷ መያዝ አቃተው፤ ጉንጯ ሰርጉዶ ዓይኗ ወደ ውስጥ ገባ። እንጉዳይ የሰጠቻት መድኃኒት ሁሉ በዚያው ውሃ የተበጠበጠ ነበርና የባሰ አዳከማት። ቢተው ከቀዘፋ ሲገባ ያዘችው።

«ቢተው፣ ልጅህ ከእጄ ልትወጣ ነው። የዚያችኛይቱ ውሃ እንዴት ነው? ንገረኝ።»

«ውሃ ውሃ ነው።»

«ጣፋጭ ነው አይደል? እኔ ራሴ ቀምሼዋለሁ እኮ! ለዚያ ለልጇ እያጠጣች...»

ቢተው ሐይቁን ከዳር ዳር ያውቀዋል። ግን በአንዱ ቤት ተቀምጦ የሌላውን ቤት ማመስገንም ማማትም ጦርነት እንደሆነ ስለሚያውቅ «በናትሽ ተይኝ» ብሎ ጋቢውን ተከናነበ። ሊቀ ቅናቱም እሱን ጠይቀውት አያውቁም፤ ሁለት ዳር ያለው ሰው በማን ይቀናል ብለው ነው።

እንጉዳይ ቆረጠች። በገበያ ቀን፣ ሁለቱም ዳር ባዶ ሲሆን፣ ገንቦ ይዛ በታንኳ ተሻገረች። በደንገሉ ተከልላ ከቀኝ ዳር ውሃ ሞላችና ተመለሰች። የሐይቁ መሀል ላይ ግን ታንኳዋ ጭቃ ያዛት። ድሮ ዘንግ የማይደርስበት ቦታ ነበር። እየታገለች ሳለ ሌላ ታንኳ፣ እንደሷው ጭቃ የያዘው፣ ከፊቷ አየች። ላዩ ላይ ፈለቀች ገንቦዋን በጉልበቷ አቅፋ ተቀምጣለች።

ሁለቱ ሴቶች አንዳቸው የሌላይቱን ገንቦ አዩ።

«ምን ቀድተሽ ነው እመቤት?» አለች እንጉዳይ።

«አንቺስ ምን ቀድተሽ ነው?»

«እኔ ቀድሜ ጠየቅኩ።»

ፈለቀች አንገቷን ደፋች። «ይበልጣል ታሞብኛል። ተቅማጥ ይዞት ሰውነቱ አለቀ። የናንተ ውሃ ጣፋጭ ነውና ብሰርቅ እግዜር ይቅር ይለኛል ብዬ ነው።»

«የኛ ውሃ?» እንጉዳይ ሳቋ አመለጣት፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «አንቺ ሴት፣ የኛን ውሃ እኮ ውሻ አይቀምሰውም! እኔ ራሴ ከናንተ ሰርቄ ለበለጠች እየወሰድኩ ነው።»

«ከኛ? የኛማ ገምቷል! ከብቶቹ እንኳ አሽትተው ይመለሳሉ።»

 ከዚያ እንጉዳይ ቅሏን ከራሷ ገንቦ ሞልታ ዘረጋችላት፤ ፈለቀችም ከራሷ ቀድታ ሰጠቻት። ሁለቱም ቀመሱ። ሁለቱም ተፉ።

«አንድ ነው» አለች እንጉዳይ።

«አንድ ሐይቅ ነው እኮ» አለች ፈለቀች፣ ገና ዛሬ እንደሰማች ሁሉ።

«በለጠች ግን ከይበልጣል ቀድማ ነው የታመመችው» አለች እንጉዳይ። እዚህም ላይ መቅደሟን ማስመዝገብ ፈለገች፤ ልማድ ክፉ ነው።

ውሃውን ደፍተው፣ ተጋግዘው ታንኳዎቹን ከጭቃ አወጡና ሁለቱም በአንድነት ሊቀ ቅናት አጥላባቸው ዘንድ ሄዱ። ሁለት ጣውንት በአንድ መንገድ ሲመጡ ያየ ዘበኛ ደንግጦ በሩን ሳይጠይቅ ከፈተላቸው።

«ጌታዬ፣ የቀኝ ዳር ውሃ ተበላሽቷል። ልጅ እየገደለ ነው» አለች እንጉዳይ።

ሊቀ ቅናቱ በፍቅር አዩዋት። «ይሄ ቅናት ነው ልጄ። ደህና ቅናት ነው።»

«የግራ ዳርም ተበላሽቷል ጌታዬ» አለች ፈለቀች።

«ይሄም ቅናት ነው። ሁለት ቅናት ሲገናኝ ደግሞ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ስለዚህ ምንም አልተባለም።»

«እሺ የራሴ ዳር ውሃ ተበላሽቷል!» ብላ ጮኸች እንጉዳይ።

«እሱማ ክልክል ነው፤ እንዳልሰማሁ ልለፍሽ። በዚያ ላይ ልጅሽ ታማለች። የጨነቀው ሰው ምን ይመሰክራል?»

እንጉዳይ ቅሉን አፋቸው ድረስ አቀረበችላቸው። «እንግዲያው እርስዎ ይቅመሱት።»

ሊቀ ቅናቱ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሸሸት አደረጉ። «እኔ ዳር የለኝም፤ ዳር የሌለው ሰው አይቀምስም። እኔ የምጠጣው የዝናብ ውሃ ነው» አሉና ዘበኛውን ጠሩ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይህ ነው።

በለጠች በዚያው ሳምንት ሞተች። ገና ጥርሷን መቀየር የጀመረች ልጅ ነበረች። ግራ ዳር ሰው አልቀረም፤ ሁሉም ወጥቶ አለቀሰ፤ የእንጉዳይን ጩኸት ሰምቶ ያልተንሰቀሰቀ አልነበረም። ቀኝ ዳር ያሉት ከማዶ ሆነው ይህን አዩ።

በማግስቱ እንጉዳይ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ከማዶ ከፍተኛ ለቅሶ ሰማች።  ይበልጣል ሞተ ብላ አሰበች፤ አንድ ክፉ ደስታም በውስጧ ብልጭ ሲል አወቀችውና ራሷን ጠላች።

«ማን ሞቶ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ማንም አልሞተም» አሏት ማዶ ደርሰው የመጡ መንገደኞች። «የትናንቱ ለቅሷችሁ ደምቆ አስቀንቷቸው ነው። አልቃሽ ጠርተው፣ ድሮ የሞቱ አንድ ሽማግሌ እያነሡ ነው የሚያለቅሱት።»

እንጉዳይ ሰዎቹን አየቻቸው። ከዚያ ማዶውን አየች። በልጇ ሞት ከቀኑ የማይቀኑበት ነገር እንደሌለ፣ የቀኑበትን ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ እንደሚያደርጉት ገባት። ዘዴው በእጇ ገባ ማለት ነው። ግን ለማን? የሷ ልጅ ተቀብራለች፤ ዘዴው የሚያድነው የጣውንቷን ልጅ ነው። ስለዚህ ዝም አለች። እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል ትላለች አህያ ሲባል እንስቃለን፤ እንጉዳይ ግን ያን ጊዜ አልሳቀችም፣ አህያዋ ልክ ናት አለች።

ፈለቀች የደረቀውን ዳር ዳር ይዛ በእግሯ ለለቅሶ መጣች። ሰዉ «እንባችንን ልትለካ መጣች» እያለ አጉረመረመ። እሷ ግን አልፋ እንጉዳይ አጠገብ ተቀመጠች።

«እግዜር ያጥናሽ» አለች።

«ልጅሽ እንዴት ነው?»

«ትኩሳት አለው።»

እንጉዳይ በዚያ ትኩሳት ቀናች። ትኩሳት ያለው ሰውነት ሙቅ ነው፤ ይታቀፋል። በወርቅም፣ በከብትም፣ በባልም ቀንታ ታውቃለች፤ እንዲህ አንጀቷን የቆረጣት ቅናት ግን አልነበረም። አልሸሸገችውም።

«ቀናሁብሽ ፈለቀች» አለቻት። «የታመመ ልጅ ስላለሽ ቀናሁብሽ።»

ፈለቀች አልተቆጣችም። «እኔም ብሆን እቀናለሁ» አለች። ቆይታም፣ «ስሙን እለውጠዋለሁ። ሳወጣለት አንቺን ለማቃጠል ነበር። አሁን አንቺ አውጪለት፤ የበለጠች ወንድም ነው፣ ላንቺም የእንጀራ ልጅሽ ነው» አለቻት።



«ስሙን ተይው» አለች እንጉዳይ። «ይኑርበት። አሁን የምልሽን ስሚ።»

የምስክር ወቅት ሲደርስ እንጉዳይ ሊቀ ቅናቱና የግራ ዳር ሕዝብ በተሰበሰቡበት ቆመች። ፊቷ የጠቆረ፣ ዓይኗ የቀላ ነበር፤ ለዚህ መዘጋጀት አላስፈለጋትም።

«ጉድ ሠርተውናል!» አለች። «የቀኝ ዳር ሰዎች ቦያቸውን ዘግተዋል። ውሃውን ሰስተው ለብቻቸው እያጠራቀሙት ነው። ከብት አያስነኩትም፤ ልብስ እንኳ ራቅ ብለው ነው የሚያጥቡት። ለልጆቻቸው አፍልተው፣ አጥልለው ያጠጣሉ። ሐይቁ ገና ከአሁኑ እግራቸው ሥር መጥቶ ተኝቷል! ልጆቻቸውም እንደ ጥጃ ይቦርቃሉ!»

ሊቀ ቅናቱ አገጫቸውን አሹ። «ምቀኛ አመሰገነች» አሉ። «ሐቅ ነው።»

ከሕዝቡ መሀል አንዱ «ታዲያ እኛ ምን ሞኞች ነን?» ብሎ ጮኸ። ምስክርነቱ ሳያልቅ አካፋ የያዘ ሁሉ ወደ ቦዩ ሮጠ። በዚያው ሰዓት ፈለቀች በማዶ ለራሷ ዳር ሕዝብ ስለ ግራ ዳር ያንኑ ትናገር ነበር። ማታ ሁለቱም ቦዮች ተደፈኑ። የሁለቱም ዳር ሴቶች ድስት ሙሉ ውሃ ጥደው፣ ማዶዎቹ ስንት ጊዜ ያፈሉት ይሆን እያሉ ይጨነቁ ነበር። ማዶ ተሠርቷል ከተባለው የጎደለ ነገር ቢኖር አንዱ ከሌላው እንዳያንስ ብሎ ይጨምርበታል። ከብቱ ተከለከለ፤ ዳሩ ታጠረ። ክረምቱ ደግሞ በዚያ ዓመት አልሰሰተም።

ሐይቁ ቀስ እያለ ተመለሰ። አረንጓዴው ዝቃጭ ሰመጠ፤ እንቁራሪቶቹ አፋቸውን ፈቱ። ሊቀ ቅናት አጥላባቸው ቦይ መዝጋትን በጥበባቸው እንዳገኙት ተነግሮላቸው ካባ ተሸለሙ። ይበልጣል ከአልጋው ተነሣ።

ለእንጉዳይ የቀረላት ግን ከባድ ሥራ ነው። አንድ ወቅት ብታቆም፣ አንድ ጊዜ የማዶ ውሃ ቀነሰ ብትል፣ ሰዉ የሚቀናበት አጥቶ ተሽቀዳድሞ ቦዩን ይከፍታል። ስለዚህ በየወቅቱ መሻገር አለባት። አሁን ዘንጉ ጭቃውን ሲነካ ታቆመዋለች፤ ጨርቁንም እንዳለ ነው የምታየው። ልኬቱን ስትጨርስ ይበልጣል ዳሩ ላይ ሲጫወት ታገኘዋለች። ቁመቱ በየወቅቱ ጨምሮ ይጠብቃታል። በእፍኙ ቀድቶ ሲጠጣ ቆማ ታያለች። አንድ ቀን ካጠገቧ ሲሮጥ ውሃ ረጫትና «ይቅርታ እናቴ» ብሎ አለፈ።

በዚያ ወቅት ሊቀ ቅናቱ ፊት ስትቀርብ ድምፅዋ ሰልሎ ነበር።

«የቀኝ ዳር ውሃ እንዴት ነው?»

«ንጹሕ ነው ጌታዬ።»

«በምን አወቅሽ?»

«ልጇ ጠጣው። ጠጥቶም ሮጠ።» እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

ሊቀ ቅናቱ ግራ ገባቸው። ዕድሜ ልካቸውን ፊት ሲመረምሩ የኖሩ ሰው፣ ይህን ፊት የት እንደሚመድቡት አጡ። «ቆይ እስቲ» አሉ፤ «ይሄ ምስጋና ነው ወይስ ቅናት? ደንቡ አንዱን ይላል።»

«ሁለቱም ነው» አለች እንጉዳይ።

ደንቡ ለሁለቱም ቦታ አልነበረውም። ሊቀ ቅናቱ ወደ ግራ ቀኝ አዩ፤ የሚጠይቁት አልነበረም። ጉሮሯቸውን ጠርገው «ምስጋና ነው» ብለው አሳወጁ። ሰዉም ከማዶው ላለማነስ ሲል ቦዮቹ በዚያ ዓመት ሳይከፈቱ ቀሩ።

እኔ የሰማሁት እስከዚህ ነው። ውሃው ዛሬም አለ ይላሉ፤ የተጠማ ሄዶ ይጠጣ፣ ያላመነ ሄዶ ይለካ።